በዳማ ያለቀችው ጥበብ

ብዋሽ ጢሜ ይርገፍ፤ ወደፊት በሚመጣው በዚያ ዘመን ለእያንዳንዱ ሰው የምትታደለው አንድ ጊዜ ብቻ የምትሠራ ጥበብ ናት። ያለቀችበት ግራና ቀኙን አይለይም። ጋሽ ድንበሩ በዳማ የጎረቤታቸውን የመጨረሻ ቀይ ቆርኪ በልተው ለማሸነፍ ተጠቀሙባት፤ ሰፈሩም ሳምንት ሙሉ ሳቀ።

ዛሬ ልጃቸው ትብለጥ ትኩሳት እያቃጠለው የሚያለቅሰውን ሕፃኗን አዝላ ከአባቷ ጋር ከሞላው ወንዝ ዳር ቆማለች። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው።

«አባዬ፣ በየት በኩል ልሻገር?»

«ቀዩን ቆርኪ ብይው፣ ልጄ።»

«ወይኔ አባዬ! እንግዲያው የኔዋ ጥበብ ትውጣ። ለልጄ ማሳደጊያ ነበር ያስቀመጥኳት።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያም አንድም መረማመጃ ድንጋይ ሳትስት ተሻገረች። ማዶ ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ትብለጥ ግራና ቀኙ ጠፍቷት መሐሉ ላይ ቆማ ቀረች። ሕፃኑ ማልቀሱን ተወ።

«አባዬ፣ አሁንስ?»

ጋሽ ድንበሩ እንባቸው እየወረደ ባላቸው ጉልበት ጮኹ።

«ብይው!»