የእሑዷ ዳኛ

እሑድ ከሰዓት በለጡን ሥራዋ ላይ ያገኘ የለም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሞቀፍ በሚሉት መናኸሪያ ውስጥ፣ አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ጎን ሻይ ትሸጣለች፤ እሑድ ሲሆን ግን ምድጃዋን አጥፍታ ቤቷ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች። ከአዲስ አበባ የሚተላለፈው የዘፈን ውድድር እስኪያልቅ ቤቱ ቢቃጠል አትነሣም።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። አራተኛዋ በለጡ ናት፤ ከአራቱ የምትከፋውም እሷው ናት።

«ይቺ ትንፋሿን ደጅ ትታ ነው የገባች» ትላለች። «ይኼ ደግሞ የሰሊጥ ጨረታ ነው የሚጠራ እንጂ ዘፈን አይደለም።»

የሠፈሩ ሐበሾች እድር ሰብሳቢ ገሠሠ ይህን ለመስማት ብሎ ነበር የሚመጣው። ድሮ ሆዱን ይዞ ይሥቅ ነበር። ሰሞኑን ግን ሣቁ ከጥርሱ አላልፍ ብሎታል።

የበለጡ አንድ ልጅ አማል ለዚሁ ውድድር ማጣሪያ፣ ተቀርጾ ቆይቶ ለሚተላለፈው፣ ጎንደር ሄዳ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ገዳሪፍ ስለሆነ ምላሷ ወደ ዐረብኛው ያደላል፤ «ጨረቃ» በይ ሲሏት «ሸረቃ» ትል ነበር። በለጡ የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ቃሉን ስንት ጊዜ አስደግማታለች። ልጅቱ ከተወዳደረች በኋላ ደወለችና «ዩማ፣ ማለፍ መውደቄን አልነግርሽም። እሑድ እሑድ ቴሌቪዥኑን ጠብቂ፤ ኸላስ፣ ከዚያ ትሰሚዋለሽ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ አልደወለችም። ወደ ቤቷ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሸኸዲ ከተማ ሳይደርስ ተገለበጠ። አማልንም እዚያው ቀበሯት። ወሬውን ያመጣው ከድንበሩ ከተማ ከገላባት መጥቶ ሞቀፍ የገባ ሹፌር ነው። ገሠሠ ሹፌሩን ለሌላ ሰው እንዳይተነፍስ አስምሎ ሸኘው።

መርዶ እንደ ሰላምታ መንገድ ላይ አይሰጥም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ተኪዶ ነው የሚነገር። የበለጡ ወንድም ብርሁ ደግሞ ሾዋክ የሚባል ሌላ ከተማ ነው፤ ክረምቱ መንገዱን ይዞበታል። ይህ እንዳለ ጎረቤቷ ሳፊያ ሌላ ነገር አመጣች።

«ጋሼ ገሠሠ፣ ዛሬ ብንነግራት ይኼ ቤት የለቅሶ ቤት ነው። ቴሌቪዥን አይከፈትበትም። የልጇን ድምፅ ሳትሰማው ልትቀር ነው። ወላሂ ግፍ ነው፤ እስክትሰማት እንታገሥ።»

ገሠሠ እሺ አለ። እሺ ሲል አንድ እሑድ ብቻ መስሎት ነበር። አማል በመጀመሪያው እሑድ አልወጣችም። በሁለተኛውም አልወጣችም። ሽማግሌው ከመዋሸት ብዛት ከሳ።

«ልጅቱ መተማ ቆይታለች፤ የዚያ ኔትዎርክ ደግሞ ጠፍቷል አሉ» ይላታል።

«ይጠፋል እንጂ፣ መቼ ኖሮ ያውቃል» ትለዋለች። ደግነቱ ነዝናዛ አይደለችም፤ ደውሉልኝ ብላ አታስጨንቀውም።

ሳፊያም የድርሻዋን ተቃጥላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የበለጡን ጸጉር የምትሠራላት እሷ ነበረች። ሰሞኑን በለጡ «ራሴን ያመኛል፣ አትንኪኝ» ብላ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ሳፊያ ይህን እንደ ምሕረት ነው የቆጠረችው። እየጎነጎነች ዕንባዋ አናቷ ላይ ቢንጠባጠብ ምን ብላ ልትመልስ ነበር።

የማጣሪያው የመጨረሻ እሑድ ደረሰ። ብርሁ ጭቃውን አልፎ ገብቶ ገሠሠ ቤት ተሸሽጓል። ልጅቱ ወጣችም አልወጣችም፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ መርዶው ይነገራል።

ገሠሠና ሳፊያ ሲገቡ በለጡ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣለች። የጠፍር አልጋዋ አንገረብ ደጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ትኋን ገባበት፤ ሰሞኑን እዚችው ሰሌን ላይ ነው የምተኛው» አለች። አብረዋት መሬት ተቀመጡ።

ተወዳዳሪው እየመጣ ሄደ። በለጡ አንዱንም አልማረች።

«ይኼን ማን ዝፈን አለው? ጠላቱ ነው የመከረው።»

ገሠሠ አልሰማትም። በሆዱ እየጸለየ ነበር። ሰዓቱ እየተገባደደ ሄደ።

«አንዲት ቀርታለች» አለ አስተዋዋቂው። «ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ድረስ የመጣች ናት።»

አማል ወጣች። የእናቷን ቢጫ ቶብ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ሳፊያ አፏን በሻርፗ ያዘች። ልጅቱ ዐይኗን ጨፍና ዘፈነች፤ ጨረቃ የሚለው ቃል ሲደርስ «ጨ»ዋን ጎንደር እንደ ተወለደ ሰው ጥርት አድርጋ አለቻት። ገሠሠ በለጡን በጎን አያት። ከንፈሯ ከልጇ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ዘፈኑ አለቀ።

«መጨረሻው ላይ ቸኮለች» አለች በለጡ። «ምን አስቸኮላት።»

ሦስቱም ዳኞች አሳለፏት። አማል በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ገለጠችና ካሜራውን አየች።

«ዩማ፣ ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ» አለች በለጡ።

ገሠሠ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ይህችን ሴት ነው ነገ ማልዶ የሚገድላት። ሳፊያ የምትሥቅ ለመምሰል ብትታገልም ዕንባዋ አስቸገራት።

በለጡ ተነሣች። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ ገመዱን ነቅላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

«ጋሼ ገሠሠ፣ ብርሁን ይጥሩልኝ» አለች። «ደክሞታል፤ እስከ ነገ ምን ያስደብቀዋል? ሹፌር ሁሉ ሻይ የሚጠጣው እኔ ዘንድ ነው።»

ከዚያ ተመልሳ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች፤ የተላጨው ጸጉሯ እንደገና ማቆጥቆጥ ጀምሯል።