ትልቁ ቀለበትና ትንሹ ቀለበት

ነጋዴው፣ ደንበኛ አፉን ሳይከፍት የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ በሰፈሩ የታወቀ ነገር ነው፤ ያሳወቀውም ራሱ ነው።

የሚሸጠው የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ረጅም ዘንግ ሲሆን ከላይ እጀታ፣ ከታች ደግሞ መሬት ለመሬት የሚዳብስ ክብ ነገር አለው። የዚህ ክብ ነገር ስም በመመሪያው ላይ አንድ መስመር ሙሉ ይፈጃል። ነጋዴው «ቀለበት» አለው፤ ሰፈሩም ተቀበለው። ትልቁ ቀለበት ጠልቆ ያያል፣ ጥቃቅኑን ግን ይንቃል። ትንሹ ቀለበት ሩቅ አያይም፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ወርቅ ግን አታመልጠውም። ነጋዴው ይህን ስድስት ወር ሙሉ ለገባ ሁሉ አስረድቷል። ሁሉም ገብቷቸዋል። የገዛ የለም።

ሚስቱ እህቷ ዘንድ ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ቅዳሜ እመለሳለሁ። እስከዚያ አንድም ካልሸጥክ ሱቁ የእህቴ ጸጉር ቤት ይሆናል።»

እንዳይረሳው የጸጉር ማድረቂያውን ካስክ ጥግ ላይ አስቀምጣለት ወጣች። ሴትዮዋ ያለችውን አታስቀርም። ባለፈው ወር እንኳ እሱ ዕቃ ሊያመጣ በሄደበት ሳምንት፣ ጉድጓዳም የነበረውን ጓሮ እንደ ጠረጴዛ አስደልድላ ነው የጠበቀችው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ሱሪው ላይ ኖራ ጠብ ጠብ ብሎበታል።

«ቀለበት ነበር የምፈልገው» አለ።

«ትልቁን ነው ትንሹን?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «መካከለኛ ናት። እዚህ ጓሮ ውስጥ እንዴት…»

«ገባኝ! ጓሮ ወስደው መሞከር ይፈልጋሉ!»

«ከፈቀዱልኝማ!» የሰውየው ፊት በራ። «ባለቤቴ ያለ ቀለበት ቤት እንዳትገባ ብላኛለች።»

«አስተዋይ ሴት! ሌላ እቤት የላችሁም?»

«አንዷ አለች።»

ነጋዴው ቀዝቀዝ አለ። አንዷ አለች! ከማን ተገዛች? ከመንገዱ ማዶም እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሸጥ ተፎካካሪ አለ። ነገሩ ወዲያው ተገለጠለት፤ ሰውየው ሰላይ ነው። ኖራውም ለዚያ ነው፤ ሰላይ መቼም ካባ ደርቦ አይመጣም።

ቢሆንም ለሰላይም ቢሆን ማስረዳት ይወዳልና ፈቀደ። እሱ ራሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ የጓሮውን በር ዘጋ።

«ቀለበት ይዞብኝ እንዳይወጣ» አለ በልቡ።

ሰኞ በትልቁ ተሞከረ። አሥራ አራት ሚስማርና አንድ የተጣመመ ማንኪያ ተገኘ። ማክሰኞ ሰውየው ሲባጎ ይዞ መጣና ጓሮውን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥሮ፣ መስመር በመስመር መፈተሽ ጀመረ። ነጋዴው እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ሲባጎ በዕድሜው አላየም። ረቡዕ ደግሞ ሰውየው አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ መጮሁ አይቀርም፤ ከስር ቱቦ አለ።»

መሣሪያውን አሳለፈው። ጮኸ። ነጋዴው ዱካውን ይበልጥ ወደ በሩ አስጠጋ፤ የማዶው ሰው ቱቦውን ሳይቀር አስጠንቷል ማለት ነው!

ሐሙስና ዓርብ አጥሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

«ጋሼ!» አለ አንድ ሾፌር። «እስካሁን የወጣው ሚስማር አንድ አልጋ ያሠራል!»

«ወርቅና ሚስማር ጎረቤታሞች ናቸው» አለ ነጋዴው፣ ኮስተር ብሎ።

«ታዲያ ጎረቤቱ ወዴት ሄዶ ነው?»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰውየው ትንሹን ቀለበት ገጥሞ ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠጋ። መሣሪያው እንደ ጫጩት ቀጭን ድምፅ አሰማ። ሰውየው ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ጫረ። አንዲት ቢጫ ነገር ብልጭ አለች። አንስቶ ሳማት፣ አፈሩን እንኳ ሳያራግፍ፤ ከዚያ በጭብጡ ሰወራት።

«ወርቅ!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። «በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ወርቅ!»

አጥሩ ላይ የነበረው ሁሉ በሱቁ በር ገባ። መደርደሪያው በሩብ ሰዓት ባዶ ሆነ። ሾፌሩ በሰውየው እጅ ያለውን የመጨረሻውን መሣሪያ ሊይዝ ሲል ነጋዴው ቀድሞ አቀፈው።

«ይሄ አይሸጥም!»

«እንዳሉት ትንሹ ነው የተሻለው» አለ ሰውየው እየሳቀ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«አይገዙትም ማለት ነው?»

«ምን ያደርግልኛል? የምፈልገውን አገኘሁ።»

ነጋዴው ጭብጥ ያለውን እጅ በዓይኑ ሸኘ። አሁን ሁሉም ገባው፤ ሳይነገረው፣ እንደ ወትሮው። ሰላይ አልነበረም፤ የወርቁን ሥር ያገኘ ሰው ነው። ነገ ተመልሶ «ጓሮውን ይሸጡልኛል?» ማለቱ አይቀርም። ነጋዴው ኮቱን አወለቀና ዶማ አነሳ።

ሚስቱ ከሰዓት ሻንጣዋን ይዛ ስትደርስ እንደ ጠረጴዛ የነበረው ጓሮ ታርሷል፤ ባሏም እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

«ሸጬ ጨረስኩ!» አለ ከጉድጓዱ።

«ሰማሁ፤ ጓሮውን የደለደለልን ግንበኛ የጋብቻ ቀለበቱን ጣቱ ላይ አጥልቆ፣ መንገድ ላይ ሲመርቅህ አገኘሁት፤ አንተ ደግሞ ምን ጠፍቶህ ነው?»