ሣሩ እንዳይደርቅ

የቆርቆሮውን በር ስከፍት ካሱ ደጄ ላይ ተንበርክኳል። በሁለት እጁ እርጥብ ሣር ይዟል። አጠገቡ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ዳልጮ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እኔ ነጠላዬን ለብሼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ ይዤ ወደ ቸርች ልወጣ ነው።

"ተነስ ከደጄ!" አልኩት።

አልተነሳም። ካሱ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን፣ "አባያ ሐይቅ ዛሬ ነፋስ አለው፣ ልጄን ይዘህ እንዳትገባ" ብዬው ነበር። ይዞት ገባ። ጀልባው ተገለበጠ፤ እሱ ዋኝቶ ወጣ፣ ልጄን ሰሊሆምን ሐይቁ አስቀረው። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። እሱማ ይኸው፣ ይተነፍሳል!

እኛ ጋ ሣር ተይዞ ይቅርታ ሲለመን ማንም ረግጦ አያልፍም። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን ንዴት ሲይዘኝ፣ "ጌታ ሆይ አፌን ያዝልኝ" እያልኩ እንኳ አፌ ይቀድመኛል።

"ጋሽ ዳልጮ፣ እኔ የጌታ ነኝ። የሣር ባህል አያስረኝም። ያሳልፉኝ።"

"አያስርሽም፣ ልጄ" አሉ ፈቀቅ ብለው። "እለፊ። ግን በማለዳ ወዴት ነው?"

"ለጌታ እራት።"

ባለፈው የእራቱ እሁድ ጽዋው ሲደርሰኝ ቂም ይዞ አይቀመስምና ሳልቀምስ ከጎኔ ላለችው አሳልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ልቀበል ቆርጬ ነው የወጣሁት። ማንን ላታልል እንደፈለግኩ እንጃ።

"እትዬ" አለ ካሱ፣ ቀና ሳይል። "እጁን ይዤው ነበር።"

ይሄን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

"እና?"

"ማዕበሉ ሁለታችንንም ይዞን ሲወርድ… አየር አጣሁ፣ እትዬ። ለቀቅኩት።"

ልወረውርበት እጄን አነሳሁ። አዎ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን! "ጌታ ሆይ" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። "ጌታ ሆይ ያዘኝ፣ ልገድለው ነው!" ካሱ አልሸሸም፣ ፊቱንም አልሸፈነም። እጄ እንደተነሳ ቀረ።

ከዚያ ደከመኝ። ነጠላዬ ይቆሽሽ ብዬ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የቸርቹ መዝሙር እዚህ ድረስ ይሰማል። የአርባ ምንጭ ፀሐይ መቼም ማለዳ ነው ብላ አታዝንም፣ የሣሩ ጫፍ ጠውልጓል። ካሱ ግን እጆቹን አላወረደም። የልጄን እጅ መጨረሻ የነካው ይሄ እጅ ነው።

"ይቅር በይው፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ዳልጮ።

"አልችልም። ዛሬ አልችልም።"

ተነስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። በዚያው የቀረሁ መስሏቸው ሽማግሌው በረጅሙ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ከጀሪካኑ በጣሳ ውሃ ቀድቼ ተመለስኩ። ሣሩ ላይ፣ እጁም ላይ፣ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ።

"ነገም ይዘኸው ና" አልኩት። "እንዳታደርቀው።"