ሲፋን ቀለላት

ሲፋን እናቷን ከቀበረች ወዲህ ደረቷን እየከበዳት እንቅልፍ አጥታ ነበር። የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ፣ እንጦጦ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ዮጋ የሚያስተምሩ ህንዳዊ እንዳሉ ነገረቻት። ታናሽ እህቷ ጂቱ ነገሩን ባትወደውም ብቻዋን ልትልካት ስላልፈለገች አብራት ትሄድ ጀመር።

መምህሩ ባሕር ዛፎቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ያስቀምጧቸውና፣ "ዓይናችሁን ጨፍኑ። 'እኔ ማን ነኝ?' እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ አትፈልጉ፤ ውስጣችሁ ዝም ሲል ደስታው ራሱ ይመጣል" ይሏቸዋል።

ለሳምንታት ምንም አልመጣም። አንድ ቅዳሜ ግን ያ ሁሉ ሸክም በአንዴ ተነሣላት። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቷ አታውቅም። ዓይኗን ገልጣ፣ እንባዋ እየወረደ ተነሣችና ዛፍ ሥር ጫማዋን ወደምታስረው እህቷ ሄደች።

"ጂቱ፣ ቀለለኝ! ቀለለኝ እኮ!"

ጂቱ ቀና አላለችም። ጫማዋን አስራ ስትጨርስ ሲፋንን አልፋት ወደ ምንጣፉ ሄደችና እጇን ዘረጋች።

"በይ ተነሽ ሲፋን፣ ታክሲ ሳይጠፋ እንውረድ።"

ምንጣፉ ላይ የሲፋንን ሹራብ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ዓይኖቿን ቀስ ብላ ገለጠች፤ ፊቷም የሲፋን ነበር። የተዘረጋላትን እጅ ይዛ ተነሣች።

"ውይ! እጅሽ እንዴት ይቀዘቅዛል!" አለች ጂቱ።

"አሁን ይሞቃል" አለች ሴትየዋ በሲፋን ድምፅ፣ ዛፉ ሥር የቆመችውን ሲፋንን ትኩር ብላ እያየች።