ገና ያልደረሰ መቃብር

አጎቴ ታክ የሬሳ ሣጥኑን ክዳን በዶማው ጫፍ ፈልቀቅ አድርጎ አየና ወዲያው መልሶ ከደነው። አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ከጉድጓዱ ወጣ።

«እትዬ፣ ወንድሜ ገና ነው» አላት እናቴን። «ድሮስ መቼ በቀጠሮው ደርሶ ያውቃል?»

ማናችንም አልሳቅንም።

እኛ ዘንድ ሰው በተቀበረ በሦስተኛው ዓመት አጽሙ ይወጣል፤ መዓዛ ባለው ውሃ ይታጠብና በሸክላ ሣጥን ዳግም ያርፋል። አባቴ ከተቀበረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሥጋው ከአጥንቱ አልለቀቀም። ጄኔቫ የተሰበሰቡት ሰዎች ግን ፈረንሳይን ሸኝተው፣ ቬትናምን ወንዝ ላይ ለሁለት ከፍለው፣ ወደ ደቡብ ለሚሻገር ሰው ሦስት መቶ ቀን ብቻ ሰጡ። ነገ ከሃይፎንግ ወደብ የሚነሳው መርከብ የመጨረሻው ነው። የፈረንሳዮች ጸሐፊ ነበርኩ፤ ብቀር ሰሜኑን የሚረከቡት ኮሚኒስቶች አይምሩኝም። እናቴ ደግሞ ያለ አባቴ አጽም ንቅንቅ አልልም ብላለች።

«እማዬ፣ በቢላዋ... ከአጥንቱ ይለያል ይባላል» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

«አባትህን?» አለች። «እሱ አገር ነው እንዴ እንደፈለጉ የሚቆርጡት?»

«እና ልትቀሪ ነው?»

«ምን ላድርግ? ጊዜው ሲደርስ አጥቤ አሳርፈዋለሁ።»

በገንኩ። በሕይወት ያለሁት ልጇ ከሞተው ባሏ አንሼ ተገኘሁ።

«በሁለት ዓመት ምርጫ ይደረጋል፣ አገሩም መልሶ አንድ ይሆናል ብለው ፈርመዋል» አልኳት። «ያኔ እመለሳለሁ።»

«ፈርመዋል!» አለ አጎቴ አፈሩን እየመለሰ። «ወንዙን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች!» እንትፍ አለ።

እናቴ ከጉያዋ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ወላጅ የሞተበት ልጅ ግንባሩ ላይ የሚያስረው ነው።

«ጎንበስ በል።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ አለሽ!»

«ስሞት ማን ያስርልሃል? ጎንበስ በል አልኩህ!»

ጎንበስ አልኩ። ጨርቁን ስትዘረጋው አየሁት፤ የእጥፋቱ መስመር አልለቀቀም። መቃብሩ ሳይከፈት ገና ካጠፈችው ሰንብታለች።