ንጹህ የተባለው ውሃ

«አባት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ጊዜ ያመጡልን ናሙና ከዚህ ጉድጓድ የተቀዳ ነው?»

የላቦራቶሪው ባለሙያ ሁለት ወረቀቶች የጉድጓዱ ክዳን ላይ ጎን ለጎን ዘርግቷል። ከሦስት ወር በፊት የመጣው «ለመጠጥ ተስማሚ» ይላል። ከትናንት ወዲያ ራሱ መጥቶ የቀዳው ደግሞ ከሽንት ቤት የሚመጣ ባክቴሪያ ሞልቶበታል። የሁለት ዓመት ልጄ ሆስፒታል ከተኛች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ትውከትና ተቅማጥ አድርቋት ዓይኗ ጎድጉዷል።

አባቴ ተቆጡ። «ከዚሁ ነው እንጂ! በገዛ እጄ የቆፈርኩት እያለኝ የጎረቤት ውሃ ልሰርቅ ኖሯል?»

«ከቀዱት በኋላስ ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? አፈላሁት፣ አጠለልኩት፣ ሲቀዘቅዝ በሰጣችሁኝ ጠርሙስ ሞላሁት።» ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር እንዲሁ በጥሬው ይላካል እንዴ? ምን ይሉናል?»

ባለሙያው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። እኔን እልህ ያዘኝ። በዚህ ቤት እኮ ያ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ሳይፈላ የተጠጣ ውሃ አልነበረም! ንጹህ ነው ተባለና ማፍላቱን ተውነው። አባባ ደግሞ ወረቀቱን ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት፤ ቤታችን ብቅ ያለውን ሁሉ ሳያስነብቡ አይሸኙም ነበር።

«አንተ!» አልኳቸው፣ ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኳቸውን አባቴን። «ውሃው ሊመረመር ነው የሄደው ወይስ ሊዳር? ለጉድጓድህ ስም ብለህ ልጄን ልትጨርስብኝ ነው? ብትሞትብኝ ፍሬሙን ልቀፈው?»

«እህቴ፣ ተረጋጊ እንጂ፤» አለ ባለሙያው።

አልተረጋጋሁም። የጉድጓዱን ባልዲ በእግሬ አሽቀነጠርኩት፤ እየተንኳኳ ሄዶ አጥሩ ሥር ተደፋ። እንዲሰድቡኝ፣ እንዲመቱኝም ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። አንዴ አፋቸውን ከፈቱና ወደ እኔ አየት አድርገው መልሰው ገጠሙት።

«ተናገር እንጂ! አሁን ምን ይዘጋሃል?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለባለሙያው። ድምፃቸው ተሰባብሯል። «እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ሳዘጋጀው ብቻዬን ነበርኩ፤ እንደሱ ብለህ ጻፍልኝ።»

ባለሙያው እስክሪብቶውን መልሶ አውጥቶ፣ ወረቀቱን ገልብጦ መጻፍ ጀመረ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ብቻቸውን አልነበሩም። ውሃውን ሲያጠልሉ ነጩን ማጥለያ ጨርቅ በሁለት እጄ ወጥሬ የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። «አንዴ ይድገሙት፣ ይጥራ» ያልኳቸውም እኔ ነኝ።