የልጄ ጥንድ

ከተማ ዳር ባለው የስፖርት ማዕከል ዋና አስተምራለሁ። በውሃ ቀልድ የለም፤ ፊሽካ ስነፋ ሁሉም የጥንዱን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል። ተማሪዎቼ አስራ አንድ ስለሆኑ የምትተርፈው ልጄ ናት፤ የሷ ጥንድ እኔ ነኝ።

ዛሬ ግን እግሬ በጀሶ ታስሯል። «አንቺ ብቻሽን አንሺ» ብያት ገንዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ነፋሁ። አምስት ጥንድ ቆጠርኩ። ልጄ ጥልቁ ጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን አነሳች። ከውሃው ስር የወጣ እጅ ጨብጦታል።

«ማነው የያዘሽ?» ብዬ ጮህኩ። ልነሳ ብል ጀሶው ከወንበሩ አላላቅቅ አለኝ።

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ!» አለች ሳትዞር። «ኧረ ቀስ በይ፣ ቀለበትሽ እጄን ጎዳኝ።»

ጣቴን አየሁ። ፊሽካውን ስነፋ እዚያው የነበረው ቀለበቴ የለም።